ፓስታ ለአራስ!

ስድስት ወልጄ፣ ስድስቱንም ጊዜ በገንፎና በአጥሚት ታርሼ ነው የተነሳሁት። ዘንድሮ የመጨረሻዋ ልጄ በኦፕራሲዮን ተገላገለችና፣ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ብዬ ስሜ ሳልጨርስ የሆስፒታሉ ምሳ መጣ። ክዳኑን ብገልጠው ፓስታ! ያውም ከማለዳ ጀምሮ ሲጠብቀን የዋለ የሚመስል፣ ከብርዱ የተነሳ እርስ በርሱ የተቃቀፈ ፓስታ።

ፊት ለፊቷ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሥዕል ግን ሰርግ ቤት ነው። እንቁላሉ፣ ወተቱ፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ፓፓያው ተደርድሯል። ነርሷ በጣቷ እያሳየች አስተማረችን፤ የምታጠባ እናት ከወትሮው ሌላ በቀን ሁለት ጊዜ ጨምራ መብላት አለባት፣ ወደ 500 ካሎሪ ገደማ ነው አለች። ካሎሪውን እንጃ። ሁለቱ ማዕድ ግን ገብቶኛል። "የታሉ?" ብላት መልሳ ወደ ሥዕሉ። ትላሰው እንዴ?

በማግስቱ የገብስ ገንፎዬን በበርበሬና በንጥር ቅቤ፣ አጥሚቱን በፔርሙዝ ይዤ ከተፍ አልኩ። ጥበቃው "እማማ፣ የመጠየቂያ ሰዓት አልደረሰም" ብሎ በር ላይ ገተረኝ። ፔርሙዙን ከፍቶ ሲያሸተውማ ለእስረኛ ስንቅ ያመጣሁ መሰለኝ። ሰዓቱ እስኪደርስ ቅቤው ረጋ። የረጋ ቅቤ ያለበት ገንፎ ምን እንደሚመስል እናቱ አልነገረችውም።

ገብቼም አላረፍኩም። አጉርሻት ቡና ላስከትል ስል ነርሷ ከች። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነቷ ከምግቡ ብረት በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል፣ ደም ፈሷታል፣ ቆይታ ትጠጣ አለችኝ። "ይሁን የኔ ልጅ፤ ታዲያ ጠዋት ቁርስ ብላችሁ ያቀረባችሁላት ምን ነበር?" ሻይ በዳቦ! ሳቀች እንጂ አልመለሰችልኝም። ወጥ ቤቱን የምታዝዘው እሷ አይደለች፣ ምን ታድርግ።

በአንዱ ግን ረትታኛለች። ለሕፃኑ ቅቤ ላልሰው ጣቴን ሳሾል ያዘችኝ። እስከ ስድስት ወር ከጡት ሌላ ውኃም አይቀምስም አለች። እኛ ቆሻሻ ነው እያልን የደፋነውን እንገር ዛሬ የመጀመሪያ ክትባቱ ነው ይሉታል። እሺ፣ ጣቴን ጠረግሁ። ግን ልጁ ከእናቱ ሌላ ምንም አይቅመስ ካላችሁ፣ እናቲቱስ ምን ትቅመስ?

አይቻልም እንዳትሉኝ! የእህቴ ልጅ ገጠር ጤና ጣቢያ ስትወልድ ገንፎው እዚያው ግቢ ተገንፍቶ፣ ቡናው ተቆልቶ ነው እልል የተባለላት። ሴቶቹ ቤት ከመውለድ ወደዚያ እንዲመጡ ብለው ነው አሉ። ከተማ ሲደርስ ፎቁ ረዘመና ምድጃው ጠፋ።

ከልጄ ጎን የተኛችው ልጅ እናቷ ሩቅ አገር ናት፣ ጠያቂ የላትም። ያንን ፓስታ ቃል ሳትተነፍስ ትጨርሰዋለች። ያን ቀን ገንፎውን እኩል ገመስኩት። እምቢ አልበላም ስትል ተቆጣኋት፤ ያለቀሰችው ከቁጣው አይመስለኝም።

በሦስተኛው ቀን ጥበቃው ሁለት ሳህን ሲያይ፣ "እማማ፣ ልጅዎ መንታ ወለደች እንዴ?" አለኝ።

"አይ፣ አራሶቼ ናቸው መንታ። ክፈት፣ ቅቤው ሊረጋ ነው።"