ዚሩ ሥር

ካርቱም ውስጥ ባለው የዴም ሰፈር በየበሩ ዚር ይቆም ነበር። መንገደኛ ጠጥቶ የሚያልፍበት ትልቅ የሸክላ ጋን ነው፤ ገላው ያልበዋል፣ ላቡ ሲተን ውሃው ይቀዘቅዛል፣ የተረፈው ጠብ ጠብ እያለ ሥሩ ያለውን አሸዋ ያረጥበዋል። በካርቱም ሙቀት ለተርብ ከዚህ የተሻለ ምንጭ ከየት ይመጣል? ካሜራዬን ይዤ እዚያ አሸዋ ላይ የተንበረከክሁት ለዚህ ነበር፤ ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተማዋን ከማመሱ በፊት።

ብዙ ወገኖቻችን ዴምን የሚያውቁት በሐበሻ ምግብ ቤቶቹና በቡናው ጭስ ነው፤ ወደ ሊቢያ ለመሻገር ቀን የሚቆጥርም ነበረበት። እንዲህ ባለ ሰፈር ተርብ ሲጠብቁ መዋል ቅንጦት ይመስል ይሆናል። እኔ አይመስለኝም። ነገ የት እንደሚያድር የማያውቅ ሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ነገር ያስፈልገዋል።

ተርብ ከሁለቱ ትልልቅ ዓይኖቿ ሌላ ግንባሯ ላይ ሦስት ጥቃቅን ዓይኖች አሏት። የምፈልገው እነሱን ነበር። የማክሮ ሌንስ ውድ ስለሆነ አሮጌ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ገልብጬ በቀለበት ገጠምሁ። በዚህ ዘዴ ነገሩ በእውነተኛ መጠኑ ገደማ ይመጣል፤ ጥርት ብሎ የሚታየው ግን አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ፎከስ የምታደርገው ራስህ ወደፊትና ወደኋላ እያልህ ነው። ክንፏን ለማስቆም ደግሞ የፍላሹን ኃይል ትቀንሳለህ፤ ኃይሉ ባነሰ ቁጥር ብልጭታው ያጥራል፣ ከ1/10,000 ሰከንድም ያንሳል።

ብልጭታው ሰፈሩን ጠራ።

«ያ ሐበሺ፣ በራችንን ለምን ታነሳለህ?» አለ አንዱ። ካርቱም ውስጥ ካሜራ ያስጠረጥራል፤ ለማንሳትም የፈቃድ ወረቀት ይጠየቅ ነበር። ወጣቶች ከበቡኝ። ስክሪኑን ሳሳያቸው ካሜራው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ በመጨረሻ የቤቱ እመቤት ሐጃ እጅ ገባ።

«ልጄ፣ በቀትር ተርብ ማን ይይዛል? ማደሪያቸው ከመቆሚያው ብረት ሥር ነው። ጎህ ሲቀድ ና፣ ብርዱ አደንዝዟቸው ታገኛለህ።»

ዚሩን በየማለዳው የሚሞሉት እሳቸው ነበሩና ያውቃሉ። ተርብ በጥር ማለዳ የክንፏ ጡንቻ እስኪሞቅ ድረስ እንደ ልቧ መብረር አትችልም።

ጎህ ሲቀድ ሄድሁ። ከሶላት የሚመለሱት ለመጠጣት ሲቆሙ ግን ጣሳው በተነከረ ቁጥር ዚሩ ይነቃነቃል፣ ፎከሱም ያመልጣል። ሐጃ ከቤት ውሃ በጆግ ይዘው ወጡ፦ «ከዚህ ጠጡ፣ ልጁ ይጨርስ!»

ተርቧ አንቴናዋን ስትጠርግ ሦስቱም ዓይኖች ጥርት ብለው ገቡ። ሐጃ አይተው አሳጥቤ እንዳመጣላቸው አዘዙኝ፤ መጠኑንም በክንዳቸው ለኩልኝ።