የተከሰሰው ሁሉ፣ ከመርፌዋ በቀር

ልብስ ሰፊ ቤት ክር ሲበጠስ ሐኪም አይጠፋም። ቀሚሷን ልትቀበል የመጣችው፣ ሻይ የሚያዞረው ልጅ፣ ከዝናብ የተጠለለው መንገደኛ፣ ሁሉም አንገቱን አስግጎ ምርመራውን ይሰጣል። «መኪናው አርጅቷል» ይላል አንዱ። «ክሩ ነው፤ የድሮ ክር እኮ በሬ ያስር ነበር» ይላል ሌላው። «ዘይት ጠምቶት ነው» የሚለው ደግሞ ሹፌር ነው። አንዲት እናት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጠዋት በር ላይ ቆማ ስለነበረች ሴት ዓይን ያነሣሉ። ሰፊው ግን አይናገርም። የክሩን ጫፍ በጥርሱ ይቀነጥባል፣ በምራቁ ያርሳል፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያስገባል፣ ፔዳሉን ይረግጣል። አንድ ስንዝር ሳይሄድ፣ ጧ!

በዚህ ሁሉ ክስ ውስጥ ስሟ ያልተነሣ አንዲት ተጠርጣሪ አለች። ከመኪናው አካል ሁሉ ርካሿ፣ ትንሿ፣ አንዲት ብሎን ላልታ በሁለት ደቂቃ የምትቀየረው መርፌ። የእኛ ክስ ግን ከትልቁ ጀምሮ ነው ወደ ታች የሚወርደው። መጀመሪያ መኪናው፣ ቀጥሎ ክሩን ያመጣው ነጋዴ፣ ቀጥሎ የሠራው አገር፣ ቀጥሎ መብራቱ። መብራቱ በእግር በሚረገጥ ሲንጀር ላይ እንኳ ከክስ አያመልጥም። መርፌዋ ዘንድ ሲደረስ መሽቷል፤ ደንበኛዋም «ነገ ነይ፣ እህቴ» ተብላ ሄዳለች።

ለመሆኑ ያ በጥርስ የተቀነጠበው ጫፍ ምን ይመስል ነበር? የጠየቀ የለም። የተበጠሰ ክር ጫፍ እኮ ይናገራል። ተፈታትቶ ጭራ ካበጀ ክሩ ሲፋቅ ቆይቷል፤ ወይ የመርፌዋ ዓይን ጠቦታል፣ ወይ የሆነ ቦታ ሸካራ ብረት እያኘከው ነው። እኩል ከተቆረጠ ደግሞ ስለት ያበጀ ጠርዝ አለ ማለት ነው፤ ከታች ያለው መንጠቆ ይታይ፣ መርፌዋ የምትወርድበት ቀዳዳ ይዳሰስ። ድቡልቡል ብሎ ከጠጠረ ቀልጧል። ፖሊስተር ከ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ይቀልጣል፤ በደቂቃ እስከ 5000 ጊዜ መውጋት የሚችል የፋብሪካ መኪና በወፍራም ጨርቅ ላይ ሲጋልብ ደግሞ መርፌዋ እዚያ ሙቀት ልትደርስ ትችላለች። እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚያውቀው ምስክር ነው ተቀንጥቦ መሬት ላይ እንትፍ የሚባለው። ሌላ ቦታ ቢሆን ማስረጃ ማጥፋት ይባል ነበር።

የመርፌዋን ሥራ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ይህን ያህል አይንቃትም። የእጅ መርፌ ዓይኗ ከኋላ ነው፤ አሜሪካዊው ኤልያስ ሃው እ.ኤ.አ. በ1846 የፈጠራ መብት ባገኘበት መኪና ላይ ግን ዓይኑ ከጫፉ አጠገብ ነው፤ ዛሬም እዚያው አለ። መርፌዋ ክሩን ይዛ ጨርቁን ወግታ ትወርዳለች። ከታች ደርሳ ወደ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ስትመለስ ክሩ ከጎኗ ላላ ብሎ ትንሽ ቀለበት ይሠራል። ይህችን ቀለበት የሚሽከረከረው መንጠቆ ነጥቆ የታችኛው ክር በተጠቀለለበት ቦቢን ዙሪያ ያዞራታል፤ ስፌት የሚባለው ይኸው ነው። በዚያች ቅጽበት በመንጠቆውና በመርፌዋ መካከል ያለው ክፍተት የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ቢሆን ነው። መርፌዋ በዓይን በማይለይ መጠን ከጎበጠች ወይ ቀለበቷ ታመልጣለች፣ ወይ ብረት ከብረት ይጋጫል። የሙያው መምህራን መርፌ ስምንት ሰዓት ያህል ከሠራች ትቀየር ይላሉ። እኛ ዘንድ መርፌ ጡረታ የላትም፤ ሞት ብቻ ነው የሚገላግላት።

ሞቷም ቢሆን ተፈጥሯዊ አይደለም። ጨርቁን ወደ ኋላ የሚያሳልፉት ጨርቁን ከሚጫነው የመኪናው እግር ሥር ያሉት ጥርሶች ናቸው፤ የሰፊው እጅ መምራት ብቻ ነው ሥራው። የጥምቀት ሰሞን ግን ትዕግሥት የለም። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ተብሏልና፣ ባለቀሚሷም በራፍ ላይ ቆማለችና፣ ሰፊው ጨርቁን የበዓል በግ ይመስል በሁለት እጁ ይጎትታል። መርፌዋ ገና ጨርቁ ውስጥ ሳለች አብራ ትጎተታለች፣ ትጎብጣለች፣ ስትወርድ ቀዳዳውን ስታ ብረቱን ትመታለች፣ ትሰበራለች። አዲስ ትገባለች። አሮጊቷ ግን ብረቱ ላይ ጠባሳ ትታ ነው የሄደችው፤ ጠባሳው ደግሞ የሚመጣውን ክር ሁሉ ይፍቃል። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ቢወለወል የሚያልቅ ነገር ነበር። ሰፊው ግን «የዛሬ መርፌ» ብሎ ራሱን ይነቀንቃል።

ቁጥሩም አለ። በፓኬቱ ላይ 90/14 ተብሎ ሲጻፍ የፊተኛው የመርፌዋን ውፍረት በሚሊ ሜትር መቶኛ ይናገራል፤ 90 ማለት 0.9 ሚሊ ሜትር ነው። ለስስ ሻርፕ 70፣ ለጂንስ 100 ይሻላል። አንድ ሰፊ ጠዋት ስስ ሻርፕ ቀምቅሞ፣ ከሰዓት በዚያችው መርፌ የጎረምሳ ጂንስ ሲያሳጥር ያየሁ እንደሆነ፣ መርፌዋ ብትናገር የምትለውን ለመስማት ያምረኛል። ጂንሱ ጎን ላይ ስፌት በስፌት ተደራርቦ ጉብታ የሚሠራበት ቦታ አለ። እዚያ ሲደርስ ፍጥነት ቀንሶ መንኮራኩሩን በእጅ ማዞር ነው ያለው። ሰፊው ግን ዳገት ላይ ማርሽ መቀነስ የሚያሳፍረው ዓይነት ነው፤ እዚያ ሲደርስ ነው የሚረግጠው።

ከዱባይና ከቤይሩት የተመለሱ እህቶቻችን ይዘዋት የሚመጡት ትንሽዬ የቤት መኪና ደግሞ የራሷ ጣጣ አላት። የእሷ መርፌ ከላይ አንድ ጎኗ ጠፍጣፋ ነው፤ በአብዛኛው ጠፍጣፋው ወደ ኋላ ይዞራል፣ ስለዚህ ለመሳሳት እንኳ ልፋት ይጠይቃል። መርፌዋ ያለቀች ዕለት ግን ወደ መርካቶ ይኬድና «የመኪና መርፌ» ተብሎ ይጠየቃል። ነጋዴውም የመኪና መርፌ ይሰጣል፤ የፋብሪካውን፣ ዙሪያውን ክብ የሆነውን። ክብ ነገር ፊቱን በፈለገው ያዞራል። በፋብሪካው መኪና ላይ ረጅሙ ቦይ በግራ በኩል እንዲሆን ሰፊው በዓይኑ አይቶ ያስተካክለዋል፤ በቤቷ መኪና ላይ ግን መርፌዋ ቦታዋን ስለማታውቅ አንዴ ትዘላለች፣ አንዴ ትበጥሳለች። ከዚያ በኋላ ዘመድ ሁሉ የሚስማማበት ፍርድ ይሰጣል፤ «ፕላስቲክ ነው፣ ምን ይጠበቃል!»

ሰው በእጁ የሚዞር ነገር ካገኘ ሳያዞር አያልፍም፤ የክር መወጠሪያዋ ቁልፍም ደግሞ ልክ ዓይን ሥር ናት። ክር በተበጠሰ ቁጥር ትጠብቃለች። ጠብቆ የተበጠሰ ክር እንደገና ይጠብቃል! ክሩ በሚገባ ከሁለቱ ሳህኖች መካከል የሚገባው እግሩ ወደ ላይ ተነሥቶ ሳለ መሆኑን፣ እግሩ ወርዶ ክር ማስገባት ከተዘጋ በር ውጭ ቆሞ እንደ መግባት መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በእግር የሚረገጠው ሲንጀር ላይ ደግሞ ጀማሪው መንኮራኩሩን ወደ ኋላ ያስነሣዋል፤ ክሩ ከታች ተጠቅልሎ ይታፈናል፣ ይበጠሳል። ዘይቱን በተመለከተ ብዙ አልልም። የምግብ ዘይት የጠጣ መኪና አይቻለሁ፤ ሲሞቅ ሽታው ደህና ነበር፣ ሲደርቅ ግን ሙጫ ሆነ።

ኦቨርሎክ ጋ ስንመጣ ክሱ ወደ ሃይማኖት ያደላል። ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ክር ተሸክሞ፣ ጠርዙን በራሱ ቢላዋ እየከረከመ የሚዘመዝም መኪና ስለሆነ ሰው ይፈራዋል። ከታች መርፌ ያልሆኑ፣ ክር ይዘው የሚወዛወዙ፣ በአብዛኛው ሁለት፣ እጆች አሉት፤ ሙያተኞቹ ሉፐር ይሏቸዋል። ክር የማስገባቱ ተራ የታወቀ ነው፤ በአብዛኞቹ ላይ መጀመሪያ የላይኛው ሉፐር፣ ቀጥሎ የታችኛው፣ መርፌዎቹ መጨረሻ። ተራው ደግሞ ለወግ የተደነገገ አይደለም። የመርፌው ክር አስቀድሞ ገብቶ ሳለ የታችኛው ሉፐር ቢከተል፣ አዲሱ ክር በመርፌው ክር ላይ ተጠላልፎ ያልፋል፤ መኪናው ሲነሣ አንዱ ሌላውን አንቆ ይበጥሰዋል።

አሁን የታችኛው ሉፐር ክር ብቻ ተበጠሰ እንበል። ትክክለኛው መንገድ የመርፌዎቹን ክር አውጥቶ፣ ታችኛውን አስገብቶ፣ መርፌዎቹን እንደገና ማስገባት ነው። ይህን ለሰፊ የነገረ ሰው የሚያገኘውን መልስ ሰምቻለሁ፤ «የተበጠሰው አንዱ ነው፤ ሌሎቹ ምን አጠፉ?» ፍርዱ ለሰው ቢሆን የሚያስመሰግን ነበር። አንዱን ብቻ ያስገባል፣ አምስት ስፌት ይሄዳል፣ ጧ። እንደገና አንዱን ብቻ። በዚህ መሐል መኪናው በር ውስጥ፣ የትኛው ክር በየት እንደሚያልፍ በቀለም የተሣለበት ወረቀት ተለጥፏል። ላዩ ላይ የአንድ እግር ኳስ ተጫዋች ፎቶ አለ።

ብልጦቹ ደግሞ ክር አያስገቡም፤ አዲሱን ከአሮጌው ጋር ቋጥረው ይጎትታሉ። መልካም ዘዴ ነው፣ ሉፐሮቹን ቋጠሮው ያለ ችግር ያልፋቸዋል። የመርፌዋ ዓይን ጋ ሲደርስ ግን መቆም፣ ቋጠሮውን ቆርጦ ጫፉን በእጅ ማስገባት ይገባ ነበር። ማን ይቆማል? ይጎተታል፣ ቋጠሮው ይወተፋል፣ መርፌዋ ትጎብጣለች፤ ቀጥሎ ክሱ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ።

ይህ ሁሉ የሆነው ሙያው ስለጠፋ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. እንደተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባሉ፣ ለውጭ ገበያ በሚሰፋባቸው ቦታዎች የተሰበረች መርፌ የቀብር ሥርዓት አላት። ስብርባሪዋ አንድ ሳይቀር ይለቀማል፣ ወረቀት ላይ በፕላስተር ይለጠፋል፣ ቀኑና መኪናው ይጻፋል፤ ይህ ካልተሟላ አዲስ መርፌ አይሰጥም። አንዲት ቁራጭ ከጠፋች በአካባቢው ያለው ልብስ በብረት ፈላጊ መሣሪያ ይፈተሻል፤ የባዕድ ሕፃን አንገት ላይ መርፌ እንዳይገኝ። የእኛን አንገት የሚጠብቀው የእናታችን እጅ ነው፤ አዲስ ልብስ ሲመጣ ጠርዙን ዳበስ ዳበስ የሚያደርገው።

በመጨረሻ መካኒክ ይጠራል። ካቻቢቴውን ከኋላ ኪሱ ያወጣል፣ መኪናውን ያጋድማል፣ ከሥሩ የዓመት ብናኝ ያራግፋል፣ «እም» ይላል። ከዚያ ማንም ሳያየው መርፌዋን ይቀይራል። መኪናው እንደ አዲስ ይሰፋል። ሂሳቡ ሲጠየቅ ግን መርፌ አይጠቀስም፤ «ታይሚንጉን አስተካክያለሁ» ነው የሚባለው። ሰፊውም ደስ ብሎት ይከፍላል፤ ለመርፌ ይህን ያህል ክፈል ቢባል እኮ ይጣላ ነበር።

የወጣችው መርፌም አትጣልም። ግድግዳው ላይ ጥጥ የተጠቀጠቀባት ትንሽ የጨርቅ ትራስ አለች፤ እዚያ ትሰካለች። ጫፏ የደነዘዘ፣ ወገቧ የጎበጠ፣ ዓይኗ የተሸረፈ፣ ሁሉም እዚያ ተደርድረዋል። አንድ ቀን መርፌ ሲሰበር ተለማማጁ ወደ ትራሷ ይላካል።

«ጋሼ፣ ይቺ ጎብጣለች።»

«መልሰህ ሰካት፤ ለስስ ጨርቅ ትሆናለች።»