ትከሻ የመረጠው አምፕሊፋየር

ጊታሪስት ሁሉ በዕድሜው ደጋግሞ የሚምላት አንዲት መሐላ አለችው፤ «ከዚህ በኋላ ሌላ አምፕሊፋየር አልገዛም!» ሲምል ከልቡ ነው። ሁለት ክረምት ሳይሞላው ግን ያንኑ አምፕሊፋየር «ድሮም እኮ ድምፁ ይታፈናል» እያለ ለጎረቤት ልጅ በዱቤ ሲሸጠው ይገኛል። ዱቤው ተከፍሎ ሳያልቅ ደግሞ ይናፍቀዋል።

ለምን ተውከው ሲሉት በጆሮው ያመካኛል። ጆሮዬ በሰለ፣ ድምፁ ቀዘቀዘብኝ፣ ጥራት አነሰው ይላል። ምክንያቱ ሲሰሙት ያምራል። በሆሳዕናና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች ጊታር ይዞ ያደገን ሰው የአምፕሊፋየር ታሪክ ላገላበጠ ግን ጆሮ የሚጠየቀው ሌሎቹ ሁሉ ከወሰኑ በኋላ ነው። መጀመሪያ የሚመርጠው መብራት ኃይል ነው። ቀጥሎ ትከሻ። ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። ኪስማ ሳይጠየቅም ድምፅ ይሰጣል።

ለወጋችን አንድ ጊታሪስት እናብጅ። ስም አያሻውም። የሆሳዕና፣ የሀቢቾ፣ የሾኔ፣ የዱራሜና የሺንሺቾ ጊታሪስቶች ትንሽ ትንሽ አዋጥተው ያቆሙት ሰው ነው፤ ራሱን እዚህ ውስጥ ያገኘ ቢኖር ሌሎቹም አብረውት እንዳሉ ይወቅ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑም ከወዲሁ ይያዝልን።

ጊታሪስታችን የመዘምራን ልጅ ነው። በሀዲያና በከምባታ ጊታር የለመደ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የለመደው በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነውና። አባቱም ዘማሪ ነበሩ። በደርግ ዘመን ብዙ ጸሎት ቤቶች ሲታሸጉ እሳቸው የዘመሩት በሰው ሳሎን ውስጥ፣ መስኮት ዘግተው፣ በለሆሳስ ነው። ለዚያ ትውልድ ከሁሉ የሚሻለው አምፕሊፋየር የሌለው አምፕሊፋየር ነበር፤ ድምፅ ያጎላ ቤት ራሱንም ለቀበሌ ያጎላ ነበርና። ዛሬም ልጃቸው ጊታሩን ሲሰካ አባት መጀመሪያ የሚያዩት ወደ በሩ ነው።

ልጁ ያገኘው የመጀመሪያ አምፕሊፋየር የራሱ አልነበረም፤ የአጥቢያዋ ነው። በብረት ምሰሶ ላይ ወደ ገበያው ዞሮ የተሰቀለ፣ አፉ የሰፋ ጡሩምባ ስፒከር ነበር። የጊታሩ ጃክ ለማይክራፎን በተሠራው ቀዳዳ ይገባል፣ ድምፁ በጡሩምባው ይወጣል፣ አለቀ። እንዲህ ያለው ስፒከር የተሠራው ለንግግር ነው፤ ከ300 ኸርዝ በታች የሆነውን ድምፅ እምብዛም አያሳልፍም። የጊታር ወፍራሙ ክር ደግሞ ባዶውን ሲመታ በሰከንድ 82 ጊዜ ያህል ነው የሚርገበገበው። እናም ጊታሪስታችን ወፍራሞቹን ክሮች ለረጅም ጊዜ ለራሱ ብቻ ተጫወተ። ገበያተኛው የሰማው ቀጫጭኖቹን ነው፤ እነሱንም ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ። እሱ ግን ወደደው! ከዚያ በፊት ድምፁ ከክፍሉ ወጥቶ አያውቅማ።

ያገኙትን መውደድ የክልል ከተማ ዕጣ ብቻ እንዳይመስል። በአዲስ አበባም በዚያ ወርቃማ በሚባለው የሙዚቃ ዘመን የክበብና የሆቴል ባንዶች የሚጫወቱበት ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ የባለቤቱ ንብረት ነበር። ሙዚቀኛው ሥራ ሲለቅ የሚወደውን አምፕሊፋየርም አብሮ ይለቃል፤ በማግስቱ ሌላ ሆቴል ገብቶ የሌላውን ይወዳል። ዋልያስ ባንድ ከብዙዎቹ የተለየበት አንዱ ነገር መሣሪያዎቹን በራሱ ገንዘብ መግዛቱ ነው። በሂልተን ሆቴል ሲሠራ፣ በተለይ በደርግ የሰዓት እላፊ ዘመን፣ ታዳሚው ሌሊቱን እዚያው አንግቶ የሚወጣበት ጊዜ ነበር። ሰው ቢደክመው ወንበር ላይ ያሸልባል፤ አምፕሊፋየር ግን እስኪነጋ አይተኛም።

የዋልያሱ ኪቦርዲስት ኃይሉ መርጊያ ከባንዱ ጋር በ1981 ለሙዚቃ ጉዞ አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ። ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን ዙሪያ ታክሲ ነዱ። በታክሲያቸው ፖርታ ባጋሊ ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ይዘው ይዞሩ ነበር፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይለማመዱበታል። ከሂልተን መድረክ ወደ ታክሲ ወንበር የወረደው የዕቃው መጠን እንጂ ጆሯቸው አይደለም። በ2013 የድሮ አልበማቸው እንደገና ታትሞ ወደ ዓለም መድረክ ሲመለሱም ያ የፖርታ ባጋሊ ልምምድ ደርሶላቸዋል።

ባትሪ ካልን ወደ ሆሳዕና እንመለስ። የጊቤ ውሃ በሀዲያ ምዕራባዊ ጠርዝ በኩል አልፎ፣ ወረድ ብሎ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ባለው ጊቤ 3 ግድብ ውስጥ ይገባል። ውሃው በደጅ ያልፋል፤ መብራቱ ግን ልክ የመዘምራን ልምምድ ሲጀመር የሚጠፋበትን ሰዓት አሳምሮ ያውቃል። በሀዲያው የያሆዴ በዓል ወጣቱ እየጨፈረ ሲወጣ ያለ አንዳች ሽቦ ከሰፈር ሰፈር ይሰማል፤ የኤሌክትሪክ ጊታር ግን ያለ ሽቦ እንጨት ነው። ስለዚህ ጊታሪስታችን ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ገንዘቡ የገዛው ጎማና እጀታ ያለው፣ ፊቱ ላይ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚያብለጨልጭ፣ ባትሪው ውስጡ የሆነ የቻይና ስፒከር ነው። በድምፁ አልወደደውም። የወደደው መብራት ጠፍቶ ኪቦርዱ፣ ቤዙና ማይኩ ጸጥ ሲሉ የእሱ ጊታር ብቻ ስለሚቀር ነው። እንዲህ ዓይነት ሥልጣን አግኝቶ የማይወድ ሙዚቀኛ የለም። ፍቅሩን ያበቃው ብሉቱዙ ነው፤ አንድ እሑድ ሁሉም ራሱን ደፍቶ ሲጸልይ ስፒከሩ ከፍ ባለ የሴት ድምፅ፣ በጠራ እንግሊዝኛ፣ ከስልክ ጋር ለመገናኘት ዝግጁ መሆኑን አወጀ።

ቀጣዩን ያመጣው ታላቅ ወንድሙ ነው። ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄዱ የታወቀ ነው፤ በዚያ ገንዘብ ፎቅ ተሠርቷል፣ ሚኒባስ ተገዝቷል፣ አምፕሊፋየርም ተገዝቷል። የደቡብ አፍሪካ መብራት 230 ቮልት ስለሆነ ለኛ አገር ዕቃው ይስማማል። የማይስማማው ሶኬቱ ነው፤ ሦስት ወፋፍራም ክብ እግሮች አሉት፣ የሆሳዕና ግድግዳ ደግሞ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። መፍትሔው አገር ያወቀው ነው፤ ሶኬቱ በቢላ ይቆረጣል፣ ሽቦዎቹ ይላጣሉ፣ በክብሪት እንጨት ግድግዳው ላይ ይወጠራሉ። (ይህን ቤታችሁ አትሞክሩ። ሞክራችኋል፤ ቢሆንም አትሞክሩ።)

50 ዋት ነው፤ ባለ ትልቅ ስፒከር። ጊታሪስታችን ማለ። ከዚያ ዱራሜ ላይ ኮንፈረንስ ተጠራና አምፕሊፋየሩን በሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ ሄደ። ረዳቱ የአንድ ሰው ሒሳብ ጠየቀው፤ መንገዱም የሚችለውን አደረገ። ሲደርሱ ከውስጡ የሚንኳኳ ነገር ነበር፤ ከኮንፈረንሱ ሲመለሱ ደግሞ ትከሻው ራሱ ይንኳኳ ጀመር። አምፕሊፋየሩ «ትንሽ ሸካራ ድምፅ አለው» የሚለው ግምገማ የተሰማው ያኔ ነው።

ትከሻ በዓለም ታሪክም ፈርዷል። ለንደን ውስጥ የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ የነበረው ከበሮ መቺ ጂም ማርሻል በ1962 ከባልደረቦቹ ጋር የአሜሪካውን ፌንደር ቤዝማን መሠረት አድርጎ የራሱን አምፕሊፋየር ሠራ። የዘ ሁ ባንድ ጊታሪስት ፒት ታውንሰንድ ስምንት ስፒከር ያለበት አንድ ትልቅ ሣጥን እንዲሠራለት ጠየቀ። ተሠራለት። ዕቃ ተሸካሚዎቹ ግን ወገባችን አለቀ ብለው አመፁና ሣጥኑ ለሁለት ተከፈለ፤ በእያንዳንዱ አራት አራት ስፒከር፣ አንዱ ባንዱ ላይ የሚደረደር። እነሆ ዛሬ የሮክ መድረክ ምልክት ሆኖ በየፖስተሩ የሚታየው ያ የማርሻል ክምር ቅርጹን ያገኘው ከተሸካሚዎቹ አቤቱታ ነው። ለነዚያ ተሸካሚዎች ሐውልት ያቆመላቸው የለም።

ወደ ሽማግሌው ደርሰናል። በየአጥቢያው የድምፅ ጉዳይ የሚያሳስባቸው አንድ ሽማግሌ አይጠፉም፤ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ መዳፋቸውን ወደ ታች አድርገው አየሩን ቀስ እያሉ ይጫናሉ። ከአምልኮ በኋላም «ወንድሜ፣ ጌታ ይባርክህና፣ ቀነስ ብታደርገው?» ይላሉ። ጊታሪስታችን ቅር ቢለውም አሰበበት። 50 ዋቱ ወደ 5 ዋት ቢወርድ ድምፁ አሥር እጥፍ ይቀንሳል ብሎ አሰላ። ስሌቱ ልክ አይደለም። የሰው ጆሮ አንድን ድምፅ በእጥፍ ጨመረ የሚለው ኃይሉ አሥር እጥፍ ያህል ሲያድግ ነው፤ ስለዚህ ባለ 5 ዋቱ የባለ 50ውን ግማሽ ያህል ይጮኻል። ለሽማግሌው አሁንም ብዙ ነው።

እሱ ግን ከትንሹ ጋር ፍቅር የያዘው በዚህ ብቻ አይደለም፤ የኤሪክ ክላፕተንን ታሪክ ሰምቷል። ክላፕተን በ1966 ከጆን ሜዮል ባንድ ጋር ሲቀዳ ማርሻሉን ስቱዲዮ ውስጥ እስከ ጥግ ከፍቶ የድምፅ ባለሙያዎቹን አስጨነቀ። ክሪም የተባለውን ባንድ ሲያቋቁም የማርሻል ክምር ከኋላው አቆመ። በ1970 «ላይላ» የተባለውን አልበም ሲቀዳ ደግሞ በእጅ የሚንጠለጠል፣ 5 ዋት ገደማ የሆነ ፌንደር ቻምፕ ይዞ ገባ፤ አልበሙን የሚሰማ ሰው ከኋላው ተራራ የሚያክል ዕቃ ያለ ይመስለዋል። አራት ዓመት፣ አንድ ሰው፣ ሁለት ጫፍ። ጆሮው በአራት ዓመት ውስጥ ተገለበጠ ከማለት ክፍሉና ማይክራፎኑ ተለወጡ ማለት ይቀላል።

እናም ጊታሪስታችን አሜሪካ ላለችው አክስቱ ደወለ። አክስት የልጇን ልብስ ቀንሳ ከሻንጣዋ ውስጥ እንደ ድሮ ሬድዮ በመስተዋት ቱቦ የሚሠራ ትንሽ አምፕሊፋየር ይዛለት መጣች። «የአሜሪካ ዕቃ ነው፣ ምንም አይሆንም» አለችው። የአሜሪካ ሶኬት ሁለት ጠፍጣፋ እግር ስላለው ከሱቅ ማቀያየሪያ ገዛ። ማቀያየሪያዋ የእግሩን ቅርጽ ትለውጣለች እንጂ ቮልቱን አትለውጥም። አምፕሊፋየሩ የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ ግድግዳው ያለው 220። ቤተሰቡ ተሰብስቦ፣ ቡና ቀርቦ፣ አክስት በስልኳ እየቀረጸች ተሰካ። ለአጭር ጊዜ በሕይወቱ ሰምቶት የማያውቀው ጥርት ያለ ድምፅ ወጣ። ከዚያ ጭስ። አባቱ ልማዳቸው ነውና ወደ በሩ ተመለከቱ።

ዕቃውን የከፈተው ሬድዮ ጠጋኝ ትራንስፎርመሩ እንደ አዲስ መጠቅለል እንዳለበት ነገረው፤ ቱቦዎቹን ማግኘት ደግሞ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶም እንደ ዕድል ነው። ጊታሪስታችን ለሳምንት ያህል ለሰው አልተናገረም። ያጽናናው ቢ.ቢ. ኪንግ ነው። የብሉዝ ንጉሥ የሚባለው ይህ ሰው ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ዘመን ላብ ሲሪስ ኤል 5 በተባለ፣ አንድም ቱቦ በሌለው የትራንዚስተር አምፕሊፋየር ተጫውቷል። «ከቱቦ ውጭ ጊታር የለም» የሚሉ ሰዎች ይህ ሲነሣባቸው ርዕስ ይቀይራሉ። የጃፓኑ ሮላንድ በ1975 ያወጣው ጃዝ ኮረስም ትራንዚስተር ነው፤ ክብደቱ ከ30 ኪሎ ብዙም ባይርቅም ለመንገድ ይታገሣል።

አሁን ጊታሪስታችን አምፕሊፋየር የለውም። በ1998 ላይን 6 የተባለው ኩባንያ የታወቁ አምፕሊፋየሮችን ድምፅ የሚያስመስል፣ ቅርጹ ኩላሊት የመሰለ ቀይ ዕቃ ካወጣ ወዲህ፣ በ2011 ደግሞ የጀርመኑ ኬምፐር የእውነተኛውን አምፕሊፋየር ድምፅ ለክቶ የሚይዝ መሣሪያ ካሳየ ወዲህ ነገሩ እየረከሰ፣ እያነሰ መጥቶ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ጊታሪስታችን ጊታሩን ስልኩ ላይ ይሰካል፣ ስልኩን ሚክሰሩ ላይ ይሰካል። ማርሻል፣ ፌንደር፣ ቮክስ ሁሉም በጣቱ ጫፍ ናቸው። ከሚክሰሩ በኋላ ያለው የአጥቢያዋ ስፒከር ነው፤ ከሁሉም የሚወጣው ድምፅ ተመሳሳይ የሆነውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ሽማግሌው ግን በጣም ተደስተዋል፤ ቀንስ የሚሉት አሁን የድምፅ ባለሙያውን ነውና። ቻርጅ እስካለ ድረስ ይህን የሚተካ እንደሌለ ጊታሪስታችን ምሏል።

ከአሜሪካ የምትመጡ ዘመዶች ግን አንድ ልመና አለን። አምፕሊፋየር ከመያዛችሁ በፊት ጀርባውን ገልብጣችሁ አንብቡ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ እዚያው ተዉት፤ በእሱ ፋንታ ጥሩ ጃክና አሥር ፓኮ ክር አምጡ። ሻንጣ አይከብድም፣ ጉምሩክ አያስጨንቅም፣ ግድግዳ ላይም አይሰካም።