ከመጣህስ ለቁስቋም ና

ለአንድ ዓመት ትምህርት ባሕር ማዶ የተሻገረ የጎንደር ልጅ አንዴ ብቻ ቤተሰቡን አይቶ የሚመለስበት ገንዘብ ቢኖረው በየትኛው በዓል ይምጣ? ልጁ ብዙም ሳያስብ በፈረንጅ ገና ዕረፍት ትኬት ይቆርጣል፤ ዘመድ አዝማድ ደግሞ «ለጥምቀት ካልሆነ ምን አመጣህ?» ይለዋል። ሁለቱም ወገን ተሳስቷል ባይ ነኝ። መምጣት ያለበት ኅዳር 6፣ ለቁስቋም ነው።

መጀመሪያ የልጁን ምርጫ በባሕረ ሐሳብ እንመርምረው። አብዛኛው የፈረንጅ ዩኒቨርሲቲ ዲሴምበር 20 ገደማ ተዘግቶ በጃንዋሪ የመጀመሪያ ሳምንታት ይከፈታል። ልጁ እስከ ጃንዋሪ 5 ቆየ ብንል በእኛ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 11 እስከ 27 መሆኑ ነው። ጾመ ነቢያት ደግሞ ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ይዘልቃል። እንግዲህ ሰውዬው ትኬት እሳት በሆነበት ሰሞን ተበድሮ ይመጣና አንዲት የፍስክ ቀን ሳያይ ይመለሳል። በትምህርት ቤቱ ካፌ ያላጣውን ሥጋ እናቱ ቤት ያጣዋል። እናት አንጀቷ አልችል ብሎ «መንገደኛ ነህ፣ ብላ» ብትለው እንኳ፣ እንኳን ደህና መጣህ ሊሉ የሚገቡት የንስሐ አባት በር ላይ ናቸው። በጉማ ለገና ተገዝቶ ጓሮ ታስሯል። ልጁ ጠዋት ማታ ያየዋል፣ ሣር ያቀርብለታል፣ ይለማመዳሉ። ከተለማመዱ በኋላ፣ በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ልጁ ሻንጣውን አንጠልጥሎ አዘዞ ወደሚገኘው አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ይወርዳል። በጉን ሌሎች ይበሉታል፤ ለእሱ ፎቶው ይላክለታል።

ጥምቀትስ? የጎንደርን ጥምቀት ማጣጣል አይሞከርም። የፋሲል መዋኛ ዙሪያውን በሰው ሲሞላ ያየ ሰው ክርክር አያነሣም፤ ዩኔስኮም በ2012 ዓ.ም. በዓሉን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ችግሩም ያው የዓለም መሆኑ ነው። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ሁሉ ለገና አገራቸው እንዲገቡ ሲጠራም ከገና ቀጥሎ የሚታሰበው ጥምቀት ነበር። ጥር 11 ለመታየት እንጂ ለመተያየት አይመችም። ከአዲስ አበባም ከባሕር ዳርም የመጣ ዘመድ አልጋውን ቀድሞ ስለያዘው የባሕር ማዶው ልጅ ፍራሽ ተነጥፎለት ሳሎን ያድራል። ሊጠየቅ መጥቶ የሰው እጅ ሲያስታጥብ፣ ጠላ ሲቀዳ፣ ለማያውቀው እንግዳ የፋሲል ግንብን መንገድ ሲያሳይ ይከርማል። እናቱን የሚያገኛት በጭስ ውስጥ ነው።

ቁስቋም ግን ጉዳዩ ራሱ ስደትና መመለስ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፣ በዘመነ ጽጌ፣ ቤተ ክርስቲያን እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ከዮሴፍና ከሰሎሜ ጋር ወደ ግብፅ መሰደዷን ታስባለች። በየሳምንቱ ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል፤ ሰቆቃወ ድንግልም ይባላል። ደብተራው መቋሚያውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ ጸናጽሉን ከከበሮው ጋር እያስማማ፣ የአንዲት እናት ረሃብና ጥም ሲያነሣ ያድራል። ኅዳር 6 ሄሮድስ ሞቶ፣ ከ3 ዓመት ከ6 ወር በኋላ፣ የስደቱ ማብቃት የሚታሰብበት ቀን ነው። ለተማሪ ከዚህ የበለጠ የሚስማማ በዓል ካለ አሳዩኝ።

ቦታውም ቢሆን ስደተኛ ያውቃል። ቁስቋም በላይኛው ግብፅ ያለ ቦታ ስም ነው፤ ስሙን አምጥተው ከጎንደር ሰሜን ምዕራብ ደብረ ፀሐይ ግርጌ የተከሉት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። እሳቸውም የቋራ ሰው ነበሩ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ሲገባ በእቴጌይቱ ግቢ ተቀምጧል። አገሬ ልግባ ብሎ ስንቱን ደጅ ጠንቶ በ1771 ማብቂያ ከጎንደር ወጣ፤ ለንደን የደረሰው ግን በ1774 ነው። እዚያም ሐበሻ ጥሬ ሥጋ ይበላል ብሎ ቢያወራ ብዙው ሰው ሳቀበት። የዛሬው ተማሪ ቢያንስ ስልኩ ላይ ማስረጃ አለው።

ስለ ሥጋ ካነሣን፣ የጽጌን ጾም በፈቃዱ የጾመ ሰው የሚፈታው ኅዳር 6 ነው። ነቢያት እስኪገባ 9 ቀን አለ። ረቡዕና ዓርብን አውጥተን 6 ወይም 7 የፍስክ ቀን ይተርፋል። «በዓሉ ራሱ ዓርብ ቢውልስ?» የሚል ነገረኛ አይጠፋም። በ2017 ዓርብ ውሎ ነበር፤ ዶሮው እስከ ቅዳሜ በሕይወት ይቆያል፣ ሌላ ጉዳት የለውም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ በመስከረም የሄደ ልጅ በኅዳር መመለሱ አያሳፍርም ወይ? ያሳፍር ይሆናል። ጎረቤትም «አባረሩት እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን ናፍቆት አንጀት የሚበላው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ በስድስተኛው ወር ሰው ከድንቹ ጋር ታርቋል። በሰሜን አውሮፓ ኅዳር ላይ ገና 10 ሰዓት ሲሆን ይጨልማል፤ ጎንደር ላይ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ጠርቷል። ፈቃድን በተመለከተ፣ አስቀድሞ በደብዳቤ ከተነገረው የተማሪውን ሃይማኖታዊ በዓል የሚያከብር መምህር አይጠፋም። «ቁስቋም» የሚለውን ስም ለማጣራትም ጊዜ ይወስድበታል። የመኪናውን መንገድ ግን በዚህ ዘመን አልመክርም፤ ከአዲስ አበባም በአውሮፕላን ይምጣ።

በ2019 ዓ.ም. ኅዳር 6 እሑድ ይውላል፤ በፈረንጅ ኖቬምበር 15 ነው። ፈቃድህን ከአሁኑ ጠይቅ። ድንገት ልድረስባቸው ብለህም አትደብቅ፤ ለእናትህ ንገራት፣ ጠላው መጠንሰስ አለበት።