ቀዳዳው ይመስገን

ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ ላይ የኮሌጅ ተማሪ በተቀደደ ጂንስ ጉልበቱን ለሕዝብ ከፍቷል። ከአዲሱ ገበያ ሱሉልታ በሚወጣው ሚኒባስ አጠገቤ የሚቀመጠው ሁሉ ባዶ ጉልበቱን ከጉልበቴ ጋር እያፋተገ አንገሸገሸኝ። ቁጣዬ ምንም ስላልፈየደልኝ ማመስገን ጀምሬያለሁ።

ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሜዳዋ ውርጭ ይለብሳል። ገበሬው ጋቢ ይደርባል፣ ልምምድ የሚወጡት ሯጮች እንኳ ቱታቸውን አይረሱም። ተማሪያችን ግን ለነፋሱ መግቢያም መውጫም አበጅቶለታል። ጉልበቱ ወይን ጠጅ እየመሰለ «ኧረ ምንም አይበርድም» ይላል። ጀግና ነው።

ጂንስን ያሰቡት ሰዎች ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር? ጄኮብ ዴቪስ የሚባል የኔቫዳ ልብስ ሰፊ የሠራተኞች ሱሪ እየተተረተረ ቢያስቸግረው ኪሱን በመዳብ ሪቬት አጠናከረው፤ በፈረንጆቹ 1873 ከሌቪ ስትራውስ ጋር የፈጠራ መብት ወሰዱበት። ልፋቱ ሁሉ ሱሪ እንዳይቀደድ ነበር፣ ምስኪን! ኪሱስ ዛሬም ደኅና ነው፤ ገንዘቡ ለቀዳዳው ስላለቀ ኪስ የሚያስጨንቅ ነገር የለም።

ትልቁ በረከት ግን የሥራ ዕድሉ ነው። ልብስ ሰፊ ድሮ ቀዳዳ ሲደፍን ይውል ነበር። አሁን ደኅና ሱሪ ያመጡለታል፤ በምላጭ ይፍቃል፣ በድንጋይ ያሻል፣ ክሩን ይመዛል። ይህ ሙያ በዘፈቀደ መተው የለበትም። በቴክኒክና ሙያ ይሰጥ፦ ደረጃ አንድ ጉልበት፣ ደረጃ ሁለት ጭን፣ ደረጃ ሦስት ከኋላ ኪስ በታች፣ የማስተርስ ዕጩዎች ብቻ የሚደርሱበት። ሲኦሲ የሚሉት የብቃት ምዘናም ይኑረው፤ ፈታኙ ሜትር ይዞ ቀዳዳውን ይለካል፣ ግራና ቀኙ ያልተመጣጠነበት ይወድቅና በድጋሚ ይቀድዳል። ሦስቱን ከተሞች የያዘው ሸገር ከተማም ለጅምላ ቀዳጅና ለችርቻሮ ቀዳጅ ለየብቻ ፈቃድ ይስጥ። ሕጋዊው ከሕገወጡ እንዲለይ በቀዳዳው በኩል በተማሪው ቆዳ ላይ ክብ ማኅተም ይመታ። ክረምት ሲገባ ማኅተሙ በዝናብ ይለቃልና ተማሪው በጠዋት ለእድሳት ይሰለፋል፤ መስኮቱ ጋ ሲደርስ «ሲስተም የለም» ይባላል። ደላላ ይነሣል። ጉልበት ለጉልበት የሚመሳሰሉ ተማሪዎች ማኅተም ይከራያሉ። ያልተቀደደ ሱሪ ለብሶ የተገኘ ግብር ሰዋሪ ተብሎ ይጠየቃል፤ የመጀመሪያው ተከሳሽ እኔ ነኝ።

ተማሪያችን በተቀደደ ሱሪው ለቅሶ ቤት ሲገባም ከሟች ቤተሰብ በላይ ያዘነ ይመስላል። ተመርቆ ሥራ አጥቶ በማኅበር ተደራጅቶ ኮብልስቶን ቢገባ እንኳ ሱሪው ቀድሞ ተለማምዷል።

ኮብልስቶን ካልን፣ የአንጣፊው ሱሪ ጉልበቱ ላይ የተቀደደው ተንበርክኮ ስለሚውል ነው። ሌላ ስለሌለው ነው የሚለብሰው። እሱ ፊት የተቀደደ ሱሪ ገዝቶ መልበስ ነውር ነው። ነውሩም በዚህ አያበቃም፤ ጂንስ ያረጀ እንዲመስል በአሸዋ ሲነፉ የኖሩ የቱርክ ሠራተኞች አቧራው ሳንባቸውን በልቶት ሞተዋል፤ አገሪቱ አሠራሩን የከለከለችው በፈረንጆቹ 2009 ነው።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ባለፈው የእኔው ሱሪ የሚኒባስ በር ይዞት ከጉልበቱ ተተረተረ። ልብስ ሰፊ ዘንድ ወሰድኩት። አገላብጦ አየና፣

«ጋሼ፣ ይሄ እንኳ ጥሩ ወጥቷል። ግራውንም በዚሁ ልክ ላድርግልዎት?»

«ጣፈው!» አልኩት።

«ለመጣፍ ከሆነ ለሚቀጥለው ሳምንት ይምጡ፤ የሚቀደድ ተከምሮብኛል።»