አቶ ሽንፈቱ ካፒታልስ በ37 ጨዋታቸው አረፉ

ሟች አቶ ሽንፈቱ ካፒታልስ ከአባታቸው ከዋሽንግተን ካፒታልስ የበረዶ ሆኪ ቡድንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ተስፋፊቱ በኒውዮርክ ከተማ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በሚባለው አዳራሽ፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 1974 ማታ ተወለዱ። ያዋለዷቸው ኒውዮርክ ሬንጀርስ ነበሩ፤ ሲወለዱ የተመዘገበው ክብደታቸው 6 ለ 3 ነው። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ተምረዋል፤ የተማሩት አንድ ትምህርት ብቻ ቢሆንም ሳይሰለቹ 37 ጊዜ ደጋግመውታል። ማርች 28 ቀን 1975 በኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ፣ ቀድሞ ምንም የሕመም ምልክት ሳያሳዩ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ንፍሮ እየዘገነ «ለመሆኑ ማን ነበሩ?» ብሎ በጆሮ የሚጠይቅ ለቀስተኛ አይጠፋም። አቶ ሽንፈቱ ሥጋና ደም ያላቸው ሰው አልነበሩም። ካፒታልስ በተመሠረተበት የመጀመሪያ የውድድር ዘመን ከሜዳው ውጪ የተጫወታቸውን 37 ጨዋታዎች በተከታታይ ተሸነፈ፤ ሟቹ ይህ የሽንፈት ሰንሰለት ናቸው። በመሃል አንድ አቻ እንኳ የለም። በዘመኑ በአቻ ውጤት መለያየት ይቻል ነበር፤ ቡድኑም በዚያ ዓመት አምስት ጊዜ አቻ ወጥቷል። አምስቱም ግን በገዛ አዳራሹ ነው። ሻንጣ ከተዘጋ በኋላ ያለው ጉዳይ የአቶ ሽንፈቱ ነበር።

የገና ጨዋታን እያየ ያደገ ሰው ሆኪ አይጠፋበትም። ዱላው ያው ጫፉ የተቆለመመ ነው፤ ሩሩ ተጠፍጥፎ ጥቁር ጎማ ሆኗል፤ መስኩ በረዶ፣ ጫማው ስለት ነው። ትልቁ ልዩነት ሌላ ነው። በገና የተሸነፈው ወገን አመሻሽ ላይ ሲዘፈንበትና ሲሰደብ ቆይቶ ለዓመቱ ያርፋል። ካፒታልስ ግን በአንድ ክረምት ሰማንያ ጊዜ መጫወት ነበረበት።

ስለ እናትየው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ የሟቹ ባሕርይ ያለ እሳቸው አይገባም። እስከ እ.ኤ.አ. 1967 ድረስ ብሔራዊው የሆኪ ሊግ፣ ኤን.ኤች.ኤል.፣ ስድስት ቡድኖች ብቻ ነበሩት። ከዚያ ወይዘሮ ተስፋፊቱ መጡ፤ ሊጉን የማስፋፋት ፍላጎት ማለት ናቸው። ስድስቱ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሁለቱ አሥራ አራት፣ አሥራ አራቱ አሥራ ስድስት፣ በ1974 ዋሽንግተንና ካንሳስ ሲቲ ተጨምረው አሥራ ስምንት ሆኑ። ይህ እንዳይበቃ በ1972 ደብሊው.ኤች.ኤ. የተባለ ተቀናቃኝ ሊግ ውድድር ጀምሮ በ1974 እሱ ብቻውን 14 ቡድኖች ያሰልፍ ነበር። ሠላሳ ሁለት ቡድን፣ ባለሙያው ግን ከሞላ ጎደል ከአንዲት ካናዳ የሚመጣ። ድግሱ ሠላሳ ሁለት ቤት ተጠርቶ ጠላው የተጠመቀው ለስድስት ቤት ነበር።

የቡድኑ ባለቤት ኤብ ፖሊን ለመግቢያ ስድስት ሚሊዮን ዶላር ከፈሉ። በዚያ ገንዘብ የገዙት መብት የሌሎችን ትራፊ መምረጥ ነበር። ነባሮቹ አሥራ ስድስት ቡድኖች እያንዳንዳቸው አሥራ አምስት ተጫዋችና ሁለት ግብ ጠባቂ ደብቀው ካስቀመጡ በኋላ «የቀረውን ውሰዱ» አሉ። የቀረው አተላ ነበር ማለት ተጫዋቾቹን መሳደብ ይሆናል። እንዲያው ግን ማንም አሥራ ሰባት ጊዜ ጠላ ቀድቶ ሲያበቃ በጋኑ ውስጥ ምን እንደሚቀር የአገሬ ሰው ያውቀዋል።

ተጫዋቾቹን የመረጡት ሰው ደግሞ እንዲህ ባለ ሥራ የሚታሙ አልነበሩም። ሚልት ሽሚት በቦስተን ብሩይንስ ማልያ ስማቸው የተተከለ፣ ኋላም በሥራ አስኪያጅነት በ1970 እና በ1972 ዋንጫ ያነሳውን ቡድን ያዋቀሩ ሰው ናቸው። እሳት አመድ ወለደ። በዚያ ዓመት ከነበሩት ወጣት ተጫዋቾች ሁሉ መጀመሪያ የመምረጥ ዕድል ደርሷቸው ተከላካዩን ግሬግ ጆሊን ወሰዱ፤ የቡድኑ አምበል ደግሞ አርባ አንድ ዓመት የሞላው ዳግ ሞንስ ነበር። አንደኛው ገና ያልበሰለ፣ ሌላኛው ማገዶው ያለቀበት።

ሟቹ የተወለዱበትን ወር የአማርኛ አንባቢ በሌላ ምክንያት ያስታውሰዋል። ካፒታልስ ሬንጀርስን ሊገጥም ወደ ኒውዮርክ የሄደው መስከረም 29 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ከወጡ 27 ቀን በኋላ። አቶ ሽንፈቱ ያረፉት መጋቢት 19 ሲሆን፣ ደርግ ዘውዱን በአዋጅ የሻረው ከዚያ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ነበር። ሁለቱን የሚያገናኝ ክር የለም፤ ጸሐፊውም ሊፈትል አይሞክርም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1974 የተጀመረው አብዮት ኋላ ዋሽንግተንን በአሜሪካ ትልቋ የኢትዮጵያውያን ከተማ አደረጋት፤ ዛሬ በመሃል ከተማ የካፒታልስ ጨዋታ ሲያልቅ ቀይ ማልያ የለበሰውን ደጋፊ በታክሲ ከሚያሳፍሩት መካከል ሐበሾች አሉ። የቡድኑ የልደት ዓመትና የስደቱ መነሻ አንድ መሆኑን ደጋፊው ከኋላ ወንበር ሆኖ አያውቅም።

አቶ ሽንፈቱ ቤት ውስጥ ዝምተኛ ነበሩ። ሜሪላንድ ውስጥ ላንዶቨር በነበረው አዳራሽ ቡድኑ አጀማመሩ ደህና ይመስል ነበር። በመጀመሪያው የሜዳው ጨዋታ፣ ኦክቶበር 15፣ ኢቮን ላብሬ አንድ አግብቶ ከሎስ አንጀለስ ኪንግስ ጋር 1 ለ 1 ወጡ፤ በሁለት ቀኑ ቺካጎን 4 ለ 3 አሸነፉ። ያን ማታ ከአዳራሹ የወጣ ደጋፊ ተስፋ ቢያደርግ አይፈረድበትም። በዓመቱ መጨረሻ ሒሳቡ ሲዘጋ 8 ድል፣ 67 ሽንፈት፣ 5 አቻ ሆነ። ያገቡት 181፣ የገባባቸው 446። በየማታው ከአምስት ተኩል በላይ ግብ ማለት ነው። በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ባለቤት ሥር የነበረው የቅርጫት ኳስ ቡድን ቡሌትስ በዚያው ዓመት 60 ጨዋታ አሸንፎ ለፍጻሜ ደረሰ። አንድ እናት ያጠባቻቸው ልጆችም እንዲህ ይለያያሉ።

ሱሪውንም ሳያነሱ ማለፍ ግፍ ነው። ቡድኑ ለአዲስ ዘመን ብሎ ነጭ ሱሪ አሰፍቶ ነበር፤ ነጭ ደግሞ በረዶና ላብ ሲነካው ምን እንደሚመስል አስቀድሞ የጠየቀ አልተገኘም። በቶሎ ተቀየረ።

ከሟቹ ጋር በቅርብ የኖሩት ግብ ጠባቂዎቹ ናቸው። ሮን ሎው የቡድኑን ስምንት ድሎች ብቻውን ሰብስቦ 36 ተሸነፈ፤ በሰፈሩ ሀብታም እሱ ነው። ጆን አዳምስ ሰባት ጊዜ ተሸንፎ ሌላ ውጤት አላየም። ሚሼል ቤልሁመር ግን ለብቻው ሙሾ የሚገባው ሰው ነው። ከቺካጎ ጋር በተደረገ አንድ ጨዋታ ሁለት የቅጣት ምት፣ አጥቂው ብቻውን መጥቶ ፊት ለፊት የሚመታውን፣ አድኗል። ለአብዛኛው ግብ ጠባቂ ለልጅ ልጅ የሚወራ ሌሊት ነው። ዓመቱ ሲያልቅ የቤልሁመር መዝገብ እንዲህ ይላል፦ 0 ድል፣ 24 ሽንፈት፣ 3 አቻ። ሁለት ቅጣት ምት ያዳነ ሰው በ35 ጨዋታ ለአንድ ድል ሳይታደል ቀረ።

ተከላካዩ ቢል ሚኬልሰንም አለ። በሆኪ አንድ ተጫዋች በረዶው ላይ ሳለ ቡድኑ ሲያገባ ይደመርለታል፣ ሲገባበት ይቀነስበታል። ሚኬልሰን በ59 ጨዋታ 82 ዕዳ አስመዘገበ፤ በሊጉ ታሪክ የሚበልጠው የለም። በሰው ዕዳ የተያዘ ዋስ ይመስላል፤ ፍርዱ የእሱ፣ ጥፋቱ የመንደሩ ሁሉ።

አሠልጣኝም አቶ ሽንፈቱን አልቻላቸውም። ጂም አንደርሰን በ54 ጨዋታ አራት አሸንፎ ተሸኘ። ሬድ ሱሊቫን ተተክቶ ሁለት አሸነፈ፤ አሥራ ስድስት ተሸንፎ እሱም ወረደ። በመጨረሻ ሚልት ሽሚት ራሳቸው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ የመረጡትን አብረው ሊጎነጩ። ሟቹ ሁለት አሠልጣኝ ቀብረው ሦስተኛውን ሲጠብቁ ነበር ሞት የቀደማቸው።

ቀኑ በምዕራባውያን አቆጣጠር ስቅለት ነበር። ውድድሩ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል፤ ከሜዳ ውጪ የሚደረጉት ጨዋታዎች በጠቅላላ አርባ ነበሩ። አቶ ሽንፈቱ ለአርባቸው ሦስት ሲቀራቸው ሞቱ ማለት ነው። ገዳዩ ካፒታልስ፣ የግድያው ቦታ የካሊፎርኒያ ጎልደን ሲልስ አዳራሽ፣ ውጤቱ 5 ለ 3። ሲልስም የደላው አልነበረም፤ በ1976 ኦክላንድን ጥሎ ወደ ክሊቭላንድ ተሰደደ። በዚያችው ሰዓት የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ በሜዳም ከሜዳ ውጪም 17 ጨዋታ የዘለቀው ሌላው የሽንፈት ሰንሰለት፣ አብሮ አረፈ። ባንድ ድል ሁለት ሬሳ።

ከዚያ የሆነው ነገር ነው ይህን ዝክር ያስጻፈው። ተጫዋቾቹ አንድ አረንጓዴ የቆሻሻ ቅርጫት አንስተው ስማቸውን ፈረሙበት፤ ልክ የስታንሊ ዋንጫ እንደሆነ አድርገው ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው በረዶው ላይ ዞሩበት። የስታንሊ ዋንጫ ከ1892 ጀምሮ ያለ፣ ሆኪ ተጫዋች ሁሉ ከልጅነቱ የሚያልመው የብር ዋንጫ ነው። ሃያ አንድ ነጥብ ይዘው ዓመቱን የጨረሱ ሰዎች ያን ማታ ያሳዩትን ደስታ፣ በዚያ ዓመት እውነተኛውን ዋንጫ የወሰደው ፊላደልፊያ እንኳ በልጦ ስለማሳየቱ ጸሐፊው ይጠራጠራል።

በአንዳንዶች ትረካ ቅርጫቱን ያነሳው ጋርኔት ቤይሊ ነው፤ ጓደኞቹ ኤስ ይሉታል። በዚያው ክረምት ከሴንት ሉዊስ በዝውውር የመጣ፣ በ1972 ከቦስተን ጋር የእውነቱን ዋንጫ የቀመሰ ሰው ነበር። ልዩነቱን ያውቃል፤ አውቆ ነው የቀለደው። ፌዙ እዚህ ጋ ጥቂት ይቁም። ኤስ ቤይሊ ለሎስ አንጀለስ ኪንግስ ተጫዋች መልማይ ሆኖ ሲሠራ፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 የተሳፈረበት አውሮፕላን ተጠልፎ ኒውዮርክ ላይ ከመንትያዎቹ ሕንጻዎች በአንዱ ላይ በተጋጨ ጊዜ ሞተ። የእሱ ለቅሶ እውነተኛ ለቅሶ ነው።

ወደ አቶ ሽንፈቱ እንመለስ። ሟች ባለትዳር ባይሆኑም ዘር አልባ አልነበሩም። ከቀብራቸው በኋላ የቀሩትን ሁለት የጉዞ ጨዋታዎች ካፒታልስ ተሸንፏል፤ ከአርባው አንዱን አሸንፎ 39 ተሸነፈ። የዓመቱን የመጨረሻ ጨዋታ ግን ላንዶቨር ላይ ፒትስበርግን 8 ለ 4 አሸነፈ፤ ስታን ጊልበርትሰን ብቻውን አራት አገባ። ይህ ሁሉ ጎል እስከዚያ የት ተደብቆ እንደቆየ የሚመልስ የለም። ቡድኑ በተከታዩ ዓመት 11 ጨዋታ አሸንፎ 59 ተሸነፈ፤ ለጥሎ ማለፉ የደረሰው በ1983 ነው፤ እውነተኛውን ዋንጫ ያነሳው በ2018፣ ላስ ቬጋስ ውስጥ፣ በአሌክሳንደር ኦቬችኪን አምበልነት።

የሟቹን ክብረ ወሰን የወሰደባቸው የሌላ አገር ዋና ከተማ ነው። ወይዘሮ ተስፋፊቱ ካናዳ ሄደው የወለዱት ኦታዋ ሴናተርስ፣ በ1992–93 የመጀመሪያ ዓመቱ፣ ከሜዳው ውጪ 38 ጊዜ በተከታታይ ተሸነፈ። በአንድ በለጠ። እሱም የተገላገለው በ5 ለ 3 ነው፣ ኒውዮርክ አይላንደርስን ገጥሞ። ካፒታልስ ሊያገኝ ይችል ከነበረው ነጥብ ያገኘው ድርሻ፣ ከመቶ 13 ብቻ፣ ረጅም የውድድር ዘመን ከተጫወቱ የሊጉ ቡድኖች ሁሉ ዝቅተኛው እንደሆነ ግን እስካሁን አለ። ርስቱን ማንም አልነካውም።

ከእድሩ የተላለፈ ማሳሰቢያ፦ ለቀስተኞች ወንበርና ብርጭቆ ቆጥራችሁ መልሱ። በሩ አጠገብ ያለውን አረንጓዴ ቅርጫት ግን የንፍሮ ትርፍራፊ እንዳትጥሉበት፤ ስም ተፈርሞበታል።