የእኛ ቤት ፒክአፕና የግማሽ ዲግሪ ጣጣ

በእኛ ጊዜ ሰው ከብቸና ሞጣ በበቅሎ ይሄድ ነበር፤ በቅሎዋም «ካምበርሽ ስንት ነው?» ተብላ አታውቅም። አሁን የወንድሜ ልጅ ሃይሉክስ ደብል ካቢን ገዝቶ፣ ቡና እስኪፈላ የምንሰማው የዝናብና የእህል ወሬ ቀርቶ የጎማ ዲግሪ ሆኗል። ካስተር፣ ካምበር፣ ቶ! እንግዳው ሳይቀር ግራ ገብቶት አንገቱን ይነቀንቃል።

ነገሩ ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም የማጉረመርመው። አርጅቻለሁ እንጂ አልደነዘዝኩም። ቶ የሚሉት የፊት ጎማዎች አፍንጫቸውን ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዞራቸው ነው፤ ከጥማድ በሬ አንዱ ወደ ወንዙ አንዱ ወደ በረቱ ሲያይ ቀንበሩ የሚሆነውን ያየ ይረዳዋል። ጥቂት ሚሊሜትር ሲሳት ጎማው እየተፋቀ ያልቃል። ካምበር ጎማው አናቱን ወደ ሞተሩ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ ነው። ካስተር ደግሞ ከታጠፍክ በኋላ መሪው በራሱ ጊዜ እንዲመለስ የሚያደርገው ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ሁሉም በየልኩ ነበር። ማን ንካው አለው?

ልጁ ግን «ጋሼ፣ ስፖርት መምሰል አለበት» ብሎ የፊቱን አምስት ሳንቲ ሜትር አስነሣው። እሰይ! ከፍ ሲል ካስተሩ ወደቀ፤ መሪው መመለሱን ትቶ መንገድ ለመንገድ ይዋልል ጀመር። ይህን ላስተካክል ብሎ ባሕር ዳር ድረስ ሄደ። አንድ ጋራዥ ማሽን ላይ አወጡለት፤ ማስተካከያው ብሎን እስከ ጫፉ ዞሮ አለቀ፣ ዲግሪው ግን አልሞላም። «መኪናው ከፍ ካለ የላይኛው አርም መቀየር አለበት» ቢሉት አልሰማም። ይልቅስ ከስልኩ ላይ የፎርድ ራፕተር ልክ አውጥቶ «በዚህ አስሩልኝ» አለ። ያኛው ሬንጀር ራፕተር እኮ ኋላው በጥቅል ሞላ የቆመ ነው፤ የእኛው ባልስትራ ነው! ለኩርባ ይጠቅማል ብሎም ካምበሩን ወደ ውስጥ አስዘነበለ። ኩርባ የናፈቀው ዓባይ በረሃ ይውረድ፤ ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን እስኪጠግብ ይታጠፋል። እኛ የምንሄደው ሞጣ ገበያ ነው።

ደግሞ ማሽኑ የለካው ባዶ መኪና ነው። ወደ ሞጣ ስንወጣ ጀርባው ላይ ስምንት ኩንታል ጤፍ፣ ውስጥ እኔ፣ እናቱ፣ ሁለት ጎረቤትና አንድ እስር ቤት የገባ የሚመስል አውራ ዶሮ አለን። ባልስትራው ቁጭ ይላል፣ አፍንጫው ሽቅብ ይነሣል፣ ያ ሁሉ የተከፈለበት ዲግሪ ቦታውን ይለቃል። ማታ ስንመለስ መብራቱ የባሕር ዛፉን ጫፍ እያበራ ጅቡ ከሥር በሰላም ያልፋል። «ጭነቱን ጭነህ፣ እኛንም አስቀምጠህ አስለካ» ብለው «በጋሼ ክብደት የሚለካ መጽሐፍ የለም» ብሎ ሳቀብኝ።

መሬቱስ? የእኛው የእነማይ ዋልካ ጤፍ ያበቅላል እንጂ መንገድ አይሸከምም። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ላዩ ላይ ያነጠፉበት አብሮ ይነሣል፣ አብሮ ይሰምጣል። የግማሽ ዲግሪ ክርክር እዚያ ላይ ምን ያደርጋል? አንዲት ጉድጓድ በቂ ናት።

አንድ ቀን በክሪክ አስነሥቼ የፊቱን ጎማ ግራና ቀኙን ይዤ ነቅነቅ ባደርገው ቀጭ ቀጭ አለ። የመሪው ቴስቲና አልቋል! ቴስቲናው ያለቀ መኪና ማሽን ላይ ቢውል ቢያድር ሲወርድ ሌላ ልክ ነው። መጀመሪያ የላላው ይቀየራል፣ ንፋሱ ይስተካከላል፣ ከዚያ ካስተርና ካምበር፣ ቶ በመጨረሻ ነው። ይህን ብል «ጋሼ የድሮ ሰው ናቸው» ይለኛል። በ2016 በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ከታገደ ወዲህ እጅ ላይ ያለውን ተንከባክቦ መያዝ እንጂ መቀለጃ ማድረግ ምን ይባላል?

ጎማዎቹ ዓመት ሳይሞላቸው ውስጥ ውስጡን ተላጩ፤ በውጭ በኩል ጥርሳቸው ገና አዲስ ነው። በረባሶ ለሚሠራው ሰው ሊሸጥለት ወሰዳቸው፤ ሰውዬው ገለባብጦ አይቶ «የግማሹን ነው የምከፍልህ» አለው። ከዚያው ጎማ ለእኔ አንድ ጥንድ አሠራሁ። አድርጌው ብወጣ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ልጁ አጎንብሶ እግሬን ለአፍታ አየና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ ካምበርዎ ኔጋቲቭ ነው።»